ኖራ

ሙሐረቅ፣ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ጨው ያዘለው አየር ግድግዳ ሲመታ፣
የሉል ነጋዴ ቤት፣ መቶ ዓመት ያለፈው፣
ደጁን እጠርጋለሁ፤ ሌሊት ያራገፈው
አሸዋና ልስን ተከምሮ ሲያድር፣
ቡ ራሺድ ይመጣል በመሮ ሊቆፍር።

ግንበኛ ነው እሱ፣ የግንበኛ ልጅ፤
ሲሚንቶ ይፍቃል በሰባ ዓመት እጅ።
«አባቴ ነው» ይላል፣ «የለሰነው ይህን፣
ዘይት በወጣ ማግስት፣ ሲባል አዲስ እንሁን።
ከባሕር የወጣ ድንጋይ ይተነፍሳል፤
በሲሚንቶ ሲያፍኑት ውስጥ ውስጡን ይፈርሳል።
እሱ የለሰነውን ልጁ እፍቃለሁ፤
ደመወዝ ከፍለው ነው የሚያስፍቁኝ፤ አለሁ።»

አንድ ቀን ጠየቅሁት፣ መጥረጊያዬን ይዤ፣
በተሰነጠቀ አንድ በር ላይ ፈዝዤ፦
«ለዚህ ስንት ወጣ?» «አራት ሺህ ዲናር ነው።»
አራት ሺህ! ደነገጥሁ። በልቤ ስተምነው
የአርባ ወር ደመወዜ። ጎንበስ ቀና ብዬ፣
ሦስት ዓመት ካራት ወር፣ እንቅልፌንም ጥዬ፣
አንድ በር አክላለሁ። ያውም የተበላ፣
ያውም ምስጥ የቀመሰው፣ ማጠፊያው የላላ።
ቀናሁ። ለምን ልዋሽ። በእንጨት ላይ ቀናሁ።
የኛ ትዝ አለኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ቆሬ አፋፍ ላይ ያለው ያያቶቼ መስጊድ፣
ምሰሶው የወይራ፣ ማገሩ የጥድ፣
ዱዓ ላይ ሲደገፍ የስንት ዘመን ጀርባ
አንዱ ምሰሶ ያበራል፣ ቅቤ እንደ ተቀባ።
በስተቀኝ ያፈሳል። እሱን ብለን ነበር ዕቁብ የጣልነው፣
አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ከየሰው ቤት ያለነው።
ቅርሳችን ይኸው ነው፤ ሌላ ቅርስ የለንም፤
ቅርስን ለቅርስ ብንሰጥ የሚቆጨን የለም።

ዓርብ ዕለት የሼህ ኑርዬ ድምፅ ስልኬ ላይ ደረሰ፦
«አላህ ጀዛውን ይክፈል! ሰኞ ይጀመራል፣ አሮጌው ከፈረሰ።
ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ ገዝተን አራግፈናል፣
ብሎኬትም መጥቷል፤ ወይራውን ለማገዶ ልንሸጥ ተስማምተናል።»

መጥረጊያዬ ወደቀ።

ሌሊት በሹክሹክታ፣ ስልክ ከጆሮ ገጥመን፣
እነሱ ከየማድቤት፣ እኔ ከካምፕ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣
«አይፍረስ» አልሁ። ተዋበች ቀደመች፦ «የኛንም ደብር አይቻለሁ፤
ገብርኤልን ዘይት ቀለም ውጦት፣ ዓይኑን ፈልጌ አጥቻለሁ።»
ሉባባ ግን ዝም ብላ፣ ቆይታ ቆይታ፦
«እናቴ በስተቀኝ ነው የምትሰግደው፤» አለች፣ «በክረምት፣ በማታ፣
ነጠላዋ ርሶ። አንቺ ምሰሶ አማረሽ፤
እሷ ትበስብስልሽ? እዚህ ደረቅ አድረሽ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝ።

ማለዳ ቡ ራሺድ ኖራ ሲያቦካ አየሁ፤
ሳይጠራኝ ተጠግቼ እጄን ነከርሁ።
ይሞቃል። ይቆነጥጣል።
በሲሚንቶ ታፍና ልትሞት የደረሰች
ቤቲቱ በኖራ መቶ ዓመት ኖራለች፤
ይህን በኛ ቋንቋ ሳስበው ሳቅ አመለጠኝ።
ምን አሳቀሽ ሲለኝ፣ ዐረብኛው ከየት ይምጣልኝ?

ከዚያ ድምፄን ላክሁ፦ «ሼህ ኑርዬ፣ ይቅርታ፤ ሲሚንቶው ይሸጥ፤
የሉባባ እናት ወገን ይቅደም፣ ሳሩ ይለወጥ፤
ግድግዳውን በጭቃና በኖራ ለስኑ፤
የጎደለውን እንልካለን፤ ወይራውን ግን ባላህ አታባክኑ።»

እሑድ ማታ መለሱ። ሳል ይቀድማል ድምፃቸው።
አልተቆጡም እንኳ። ድካማቸው ታወቀኝ ከአተነፋፈሳቸው።
«እሺ ልጄ፣ አይፍረስ። ብሩስ ይበቃል።
ግን ጭቃ የሚያቦካ፣ ሳር የሚያጭድ ማን አለ? አገሩ ጭር ብሏል።
ኖራ የሚለስን፣ ማገር የሚያቀብል
እጁ ሁሉ እናንተ ጋ ነው፤ እሱን በባንክ አይልኩት፣ ምን ይባል።»

እጄን አየሁ። ኖራው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።
ሦስቴ ታጥቤዋለሁ፤ ከጥፍሬ ሥር ቀርቷል።