መጨረሻ የሚወጣው

ታቦት ገብቷል ትናንት፣ ዛሬ የታንኳ ነው፤
ለዚህ ነው ከተማው ሐይቅ ዳር የወረደው፦
ሸንኮራ የሚመጥ፣ ልጅ ያንጠለጠለ፣
ሾላ ቅርንጫፍ ላይ ቦታ የከለለ፣
ጫማውን አውልቆ እግሩን የነከረ፣
ስለማያውቀው ሰው የተከራከረ።

እኔ ፊሽካ አለኝ፣
ከስፖርት ጽሕፈት ቤት በፊርማ የወጣ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካንገቴ ያልታጣ።
ደብረ ማርያም ላይ አንዴ ነፍቼ እሰዳቸዋለሁ፤
በሞተር ጀልባ ቀድሜ፣ ከዋርካው ሥር ነጭ ገመድ እወጥራለሁ።
ሁለቴ ስነፋ ማለቂያው ነው።
በመካከል ያለው ጊዜ የሐይቁ ነው።

ታንኳ ደንገል ነው፤ ይጠጣል።
ሰኞ ላባ የነበረው ቅዳሜ ድንጋይ ይሆናል።
ብልሆቹ በዋዜማው አዲስ ያስራሉ፣
ጠረኑ ገና ሣር ሣር የሚለውን ይዘው ይቀርባሉ።
አንለይ ግን በከረመው ይመጣል፣
በጥቁሩ፣ ወገቡ በጎበጠው፣ እንደ እርጥብ ፍራሽ በከበደው፤
በላዩ ፍልጥ ተቆልሎ።
«ለሚዛን ይሆናል» እላለሁ።
ደረቱ ላይ ቁጥር እለጥፍለታለሁ፣ ዝም ይለኛል።
ሁልጊዜ አሥራ ሰባት ቁጥር።
ሁልጊዜ መጨረሻ።

ዋንጫ ተሰጥቶ፣ ድንኳን ተነቅሎ፣
ድምፅ ማጉያው በጋሪ ሲሄድ ተንከባሎ
እኔ ገመዱን አልፈታም።
ደንቡ «የመጨረሻው ሳይደርስ አላለቀም» ይላል።
ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ጀምበር ዘጌ ላይ ስትንጠለጠል
ቀርከሃው ውሃውን ቀስ እያለ ሲጨልፍ ይሰማኛል፤
ሁለቴ እነፋለሁ፤
ለእሱና ለእኔ ብቻ።

ዘንድሮ ግን—
አሥራ ስድስት ታንኳ መሐል ላይ ሲደርሱ፣
ውሃ ቀዶ ወጣ፣ ጉማሬው እራሱ።
ጆሮውን አራግፎ አዛጋ በሰፊው፣
ረጅም ንግግር ላይ እንደሰለቸው ሰው።
ቀይ የለ አረንጓዴ ሁሉም ፊት አዞረ፣
ያምናው ባለ ዋንጫ ደንገል ሥር ሰፈረ።
ዳር የቆመው ሕዝብ ጮኸ፤
ከዚያ ሳቀ፤
ከዚያ ዝም አለ።
ጉማሬው የሚታየውን ሁሉ አይቶ ሲያበቃ
ወደ ጉዳዩ ጠለቀ።

በጠለቀበት ላይ፣ ስለ ጉማሬ ወሬ ያልደረሰው፣
ከሁሉ ኋላ የቀረው
አንለይ
ፍልጡን ጭኖ መጣ።
ገመዱን በደረቱ ነካው።
ፊሽካዬን ረሳሁት።

«አንደኛ ወጣህ!» አልኩት።
«ከየት?» አለኝ።
«ከውድድሩ ነዋ!»
«ኸረ እኔ እንጨት ላደርስ ነው፣ ለገደፋዬ፣ ለአሳ መጥበሻዋ።
በየዓመቱ በዚህ ቀን ታዘኛለች፤ ሰው ስለሚበዛባት።»
«የማስርልህ ቁጥርስ?»
ደረቱን ዝቅ ብሎ አየው።
«የቀረጥ መስሎኝ።»

ዋንጫውን ብብቱ ሥር፣ ፍልጡን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።
(ሲመሽ አየሁት፤ ዋንጫው ገደፋዬ ደጅ
የሎሚ ማስቀመጫ ሆኗል።)

ሌሎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፣
ጭቃ ለብሰው፣ ሰው እንዳያያቸው ዳር ዳሩን።
ድንኳኑ ሄዷል። ሕዝቡ ሄዷል።
ያምናው ባለ ዋንጫ መጨረሻ ወጣ፤
ሁለቴ ነፋሁለት፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

አንለይ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣
ቆሮሶ በእጁ ይዞ፣ እሾኹን እየለቀመ።
«ሁልጊዜ እንዲህ ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።
«ሁልጊዜ» አልኩት።
«ማንን?»

አልመለስኩለትም።
ፊሽካዬን በደረቴ አስገባሁ።
ታንኳው ዋርካው ላይ ተደግፎ ያንጠባጥባል፣
ዓመቱን የጠጣውን ሐይቅ
ጠብታ በጠብታ ለሐይቁ እየመለሰ።