ስምንተኛው ቁልፍ

ከጓሳ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሯችንን ሲያንኳኳ፣
"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይላሉ፤ ዜማቸውስ ያምራል፤ ለካ
ቁጥር የለበትም።

"አራት ጠጠር" ብለው፣ ያቤጽ እፍኙን ሞልቶ መጣ፣
ማዕዶት ቆጠረችና፣ መጨረሻዋን ብቻ መርጣ
"አራት ይቺ ናት" አለችኝ።
ሰሌዳው ሩቅ ነው ለአምስት ዓመት ልጅ፤ ጠመኔም አይዳሰስ፣
ጣት ሲያርፍበት ብን ይላል፣ ብናኙ ነው ለጣት የሚደርስ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ፣ ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ወልደየስ
ቁርጥራጭ ለመንኩ በኬሻ፦ ካኪ፣ ከፋይ፣ ያረጀ በርኖስ።
"ለምንሽ ነው?" አለ፣ ሜትሩን ካንገቱ እየሳበ፤
"የሚዳሰስ መጽሐፍ ልሰፋ" ብለው ጥቂት አሰበ፣
አሰበና፣ ከጣሳው ቁልፍ በእፍኙ ዘገነልኝ፤
"እኔም ቁጥር የገባኝ ስፌት ሲጎድል ነው" አለኝ።

መብራት ሄዷል። በኩራዝ ሰፋሁ።
የአንድ ገጽ፦ የበግ ጠጉር፣ ከዝተት ጫፍ የተረፈ፤
የሁለት፦ ጥንድ የገብስ ዛላ፣ ጺሙ ገና ያልረገፈ፤
ሦስትን በሦስት ባቄላ፣ በሻሽ ቋጥሬ አሳበጥኳት፤
አራትን ከጓሳ ሣር፣ መዳፌ እስኪላጥ ገመድኳት፤
አምስት ነጠላ ጓንት ነው፣ እጅ ገብቶ ራሱን የሚቆጥርበት፤
ስድስትና ሰባት ላይ ስፌቱ ጠማማ ነው፣ የእንቅልፌ እጅ አለበት።
ስምንት ግን፣
ስምንት ቀይ ከፋይ ናት፣ ሁለት ቀለበት ተቃቅፎ፣
ከሥሯም ስምንት ቁልፍ፣ በድርብ ክር ተሰልፎ።

"ዓይን ጨፍኑ!"
አርባ አንዱም ዝም አሉ። ዜማው ቀረ። ጣት ብቻ ይሄዳል፣
አንዱን ሳይጨርስ አይዘልም፤ ይቆማል፣ ተመልሶ ይወርዳል።
ማዕዶት ከባቄላው ገጽ ላይ ብዙ ቆየችና፣
"ሦስት ሁላቸውም ናቸው" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ገና።
ያቤጽ እጁን አምስት ውስጥ ከትቶ አላወጣም፤ "ይሞቃል" አለኝ፤
እኔ ሃያ ዓመት ስቆጥር፣ ቁጥር አንድ ቀን አልሞቀኝ።

ኅዳር ገባ። ውርጩ የጓሮውን ጎመን ጠበሰው።
ሰኞ ጧት ብርዛፍ፣ ዓይኗን ጨፍና ስምንትን ዳበሰች፤
"ሰባት" አለች፤ ደገመች፤ ሠለሰች።
"ቲቸር፣ ስምንት ታማለች።"

ከገጹ ላይ አንዲት ክር ብቻ፣ እንደ ሣር ቆማ ቀርታለች።
ወሰንየለህን አየሁት።
ከወንዙ ማዶ ነው ቤቱ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚነሣ።
የታላቅ ወንድሙ ኮት፣ ጉልበቱን አልፎ የሚወርድ፣
ጧት ጧት በጡጫው ጨብጦ የሚዘጋው ከብርድ፣
ዛሬ ተቆልፏል። አንገቱ ሥር ሰማያዊ ቁልፍ፤
ጥቁር ክር፣ የልጅ እጅ ስፌት፣ እንደ አጥር ጥልፍልፍ።

"ማነው የወሰደው?" ልል፣ ቃሉ ከጥርሴ ደረሰ፣
በዚያው ዋጥኩት። እሱ ግን ተነሣ፣ እንደ ተከሰሰ።
ቁልፉን አልፈታም፤ ደረቱን ከገጹ ጫፍ ገጠመ፣
የብርዛፍ ጣት ከሰባተኛው ተሻግሮ፣ እሱ ላይ ቆመ።
"ስምንት።"

ከዚያ ወዲህ ያቺ ገጽ ያለ ወሰንየለህ አትነበብም፤
ሲቀርም "ዛሬ ሰባት ነው" ይላሉ፤ እኔም አላርምም።
ሱፐርቫይዘሩ በጥር መጥቶ፣ ገጽ በገጽ ቆጠረብኝ፣
"ስምንተኛው ጉድለት አለበት፣ ይታረም" ብሎ ፈረመብኝ።
የጋሽ ወልደየስ ጣሳ እንደ ሞላ ነው። ክሩም አለ።
መርፌዬ ከመጋረጃው ላይ እንደ ተሰካ ዋለ።
ስምንት ስንደርስ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ይነሣል፣
እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ፣ ቁልፉን በእጅጌው ያብሳል።