ስድስተኛው መስመር

ነሐሴ አለቀ፤ የዛጎል ወቅት ሊዘጋ፣
ብላፍ ላይ ንፋሱ ከቆርቆሮው ሲላጋ፣
መጋዘን ውስጥ ቆመን፣ ጓንታችን በስብሶ፣
ኦይስተር እንከፍታለን፣ ጨው ጣታችንን ነክሶ።

ለእኔ ሒሳብ ማለት አሥራ ሁለት ኦይስተር፣
ለአሥራ ሁለቱ ደግሞ ከጣሳው አንድ ጠጠር፤
ሲመሽ ጠጠር ቆጥሬ ዋጋዬን አውቃለሁ፣
ከዚያ የሚያልፈውን ለአዋቂ ትቻለሁ።
ከትምህርት ቤት ስወጣ አሥራ አምስት ነበርኩ፤
አባቴ ቢላ ሰጠኝ፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩ።

ልጄ ንጋይሬ ግን ወረቀት ይዛ መጣች፣
ጓንቴን እስካወልቅ እንኳ ቆማ አልታገሠች፦
«አባ፣ ፈርምልኝ፤ የመጨረሻው ዓመት ነው።
አምስት ትምህርት ይበቃል፣ ስድስትም ክልክል አይደለም።
አንተስ ምን ትላለህ?»
ምን እላለሁ? ምንም።

ወረቀቱ ላይ ስድስት መስመር ቁልቁል ወርዷል፣
ሁሉም በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል ተሞልቷል፦
ካልኩለስ። ፊዚክስ። ኬሚስትሪ። እንግሊዝኛ።
አምስተኛው ማኦሪኛ፤
አያቷ በልጅነቷ ክፍል ውስጥ ተናግራው
መዳፏ በአለንጋ ያበጠበት፣ ዛሬ ማርክ የሚያሰጠው።
ስድስተኛውን አላየሁም።
አውራ ጣቷን አሳርፋበታለች፤ እኔም አንሺው አላልኩም።

ሚስስ ሃርግሪቭ፣ አማካሪዋ፣ «አምስት» ብላለች።
እናቷ ከሆስፒታል፣ ከሌሊት ተራዋ ስትመለስ፣ «ስድስት» ትላለች፦
«እኛን ማን ጠየቀን? እሷ በተጠየቀች ጊዜ ለምን ታንሳለች?»

የጎረቤት ልጅ ካሁራንጊ አምና ስድስት ይዛ፣
ከከተማ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ደንዝዛ
እንቅልፍ ጣላት፤ ሾፌሩ ነው የቀሰቀሳት።
መንገዱ ብላፍ ላይ ባያልቅ ባሕር ነበር የሚያደርሳት።
ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ይህንንም መደበቅ አልችልም።

እኔም ግራ መዳፌ ላይ አንድ ጠባሳ አለኝ፦
መቶ ደርዘን በቀን መክፈት አምሮኝ፣
እጄን ከፈትኩት እንጂ ዛጎሉን አልከፈትኩ።
ይህን ልነግራት አሰብኩ፣ ከንፈሬ ላይ አደረስኩ፤
ከጎኔ ግን ኮርማክ አለ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቢላ
መቶ ደርዘን ከፍቶ፣ እያፏጨ፣ ምሳውን ጥርግ አርጎ በላ።
ጠባሳ የአንድ እጅ ታሪክ ነው፤ ምክር አይሆንም ለሌላ።

«እስቲ ጣትሽን አንሺው» አልኳት በመጨረሻ።
አነሳች። አካውንቲንግ ይላል።
«ይህ ደግሞ ለምንሽ ነው?»
ዓይኗን ወደ ጠጠሮቹ ጣለች።
«ለጀልባህ መዝገብ። ገቢና ወጪህን
በማዕበል ሰሌዳ ጀርባ ላይ ስትሞነጫጭር፣
የግብር ደብዳቤ ሳይከፈት ብስኩት ጣሳ ውስጥ ሲከመር
አያለሁ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው መማር አለበት» አለች።

ላጲስ አልነበረንም። ቢላዬን ጠረግኩ፣
በጫፉ ያቺን ቃል ቀስ ብዬ ፋቅኩ፤
ወረቀቱ ሳሳ፣ ወዲያ ማዶ ታየ።
«ምን አደረግክ?» ጮኸች፤ ኮርማክ ዞሮ አየ።
«ውሳኔው የኔ ነበር! አምስት ማለቱም የኔ!»
እውነቷን ነው። ምን አስቸኮለኝ እኔ?
በእርጥብ እጄ ፈረምኩ፤ ቀለሙ ፈሰሰ፤
ነጥቃኝ ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ተመለሰ።

ማታ ወጥ ቤት ገባሁ። ወረቀቷ እዚያው ነው፣
የጣቴ አሻራ ከጨው ጋር ደርቆበት።
ወደ አምፖሉ ባነሳው ስድስተኛው መስመር ያበራል።
ከፋቅኩት አጠገብ፣ በዚያ በደቃቅ ፊደል፣
«እስከ ዓርብ አስብበታለሁ» ብላ ጽፋለች።
ለማን እንደጻፈችው አላወቅኩም።

መልሼ አስቀመጥኩት፣ በነበረበት አኳኋን።
የብስኩቱን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረድኩ፣
ከላይ ያገኘሁትን ፖስታ መዳፌ ላይ አጋደምኩ፣
መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቴ ፈለግኩ፣
ከዚያ፣ እንደ ለመድኩት፣ ቢላዬን አስገባሁ።