ጠመኔ

አራት ዓመት ከስምንት ወር ቀርቼ፣ ዛሬ ተመለስኩ፤
ከቸርችል ጎዳና ገባ ብዬ፣ አራተኛ ፎቅ ደረስኩ።
ሊፍቱ አይሠራም። ያኔም አይሠራም ነበር፤
ሳንጠገን የቆየን ሁለት ነን፣ እኔና እሱ፣ በዚህ ሰፈር።

ካርድ ክፍል ያለው ልጅ “ቁጥርህ?” አለ፣ ቀና ሳይል፤
ጠፍቶብኛል። ስሜን እስከ አያት ቆጠርኩለት፣ የርስት ክርክር ይመስል።
ጣቱን በምራቅ አርሶ አቧራ ውስጥ ሲገለባብጥ፣
“ባይገኝ” አልኩ በልቤ፣ “ደረጃውን ወርጄ ባመልጥ።”
አገኘው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ወረቀቱ ሻይ መስሏል፤
ከላዩ በቀይ እስክሪፕቶ “ቀጠሮ ቀርቷል” ይላል።

ምክንያት አላጣሁም፦ ቅባቱ ከፋርማሲ ጠፋ፤
ሱቄ የነበረችበት ግቢ ፒያሳ ላይ ፈርሶ ተገፋ፤
የወር ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት… ሁሉም እውነት ነው፤ ግን አይደለም።
የቀረሁት ስለዳንኩ ነው። ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አልረሳም።

ጥቅምት ነበር። ክርኔ የሕፃን ክርን መስሎ አደረ፤
ዳበስኩት፣ ደገምኩ፣ ሰለስኩ፤ የሚሻክር ነገር አልነበረ።
የተረፈ ቅባቴን ለጎረቤቴ ንቃቃት እግር ሰጠሁ፤
አጭር እጅጌ ሸሚዝ ገዝቼ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ወጣሁ።

በክረምቱ ተመለሰ። እንደ ቤቱ፣ ሳያንኳኳ፤
መጀመሪያ ከጆሮዬ ጀርባ፣ ሽልንግ የማታክል እንኳ።
ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ቀጥሎ ራስ ቅል፤
“ድኛለሁ” ብሎ ያወራ ሰው በምን ፊቱ “ታመምኩ” ይበል?

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የወንድ ሙሉ ልብስ፣ አብዛኛው ጥቁር።
ከክንዴ የሚረግፈው ቅርፊት ጋባርዲኑ ላይ ሲሰፍር፣
ደንበኛ “ምንድን ነው?” ካለኝ፣ “ጠመኔ ነው” እላለሁ፤
ብሩሽ አንስቼ በፈገግታ ከትከሻው ላይ እጠርጋለሁ።
ስንቱ ሙሽራ፣ ስንቱ ለቀስተኛ ቆዳዬን ለብሶ ሄደ!
ውሸቴ ገበር ሆኖልኝ ከሙያዬ ጋር ተዋሐደ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ምንዳዬ፣ ሱቁን የሚጠርገው ልጅ፣
መጥረጊያውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ወዳጅ፣
“ጋሼ” አለኝ፣ “ነጩ ጠመኔ ካለቀ’ኮ ሦስት ሳምንት ሆነው፤
አሁን የምንሠራበት ሰማያዊው ነው።”

ሌላ ቃል አልጨመረም። ጠርጎ፣ አፍሶ፣ ደፋ።
እኔ መቀሱን እንደያዝኩ የምቆርጠው መስመር ጠፋ።

ዶክተር ዘምዘም “የት ከረምክ?” አላለችኝም፤
ለቁጣዋ ቋጥሬ የመጣሁትን መልስ አላስፈታችኝም።
“ጠዋት ጠዋት ጣትህን ስትጨብጥ ያምሃል?” ስትለኝ ግን፣
“መቀሱ ከብዶኛል” አልኩ፣ ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን።
ጻፈች። ረጅም ጻፈች። የደም ምርመራ፣ ጉበት፤
ከዚያ ያቺ ሳጥን፣ እንደ ቁም ሣጥን የቆመች፣ የመብራት ቤት።

ሲስተር አመለወርቅ አወቀችኝ፤ ጥቁሩን መነጽር ሰጠችኝ፤
“ያኔ አራት ደቂቃ ደርሰህ ነበር” አለችኝ።
“ዛሬ ከሠላሳ ሰከንድ ነው። ካቆምክበት አይቀጠልም፤
ቆዳህ ብርሃን ረስቷል፤ ባንዴ ብንሰጠው ይቃጠላል እንጂ አይድንም።”

ሠላሳ ሰከንድ! ሁለት ታክሲ፣ አራት ፎቅ ደረጃ፣
አንድ ቁልፍ ለማይተከልበት ጊዜ… ምን ይሉት ፍርጃ!
ልብሴን አውልቄ ገባሁ። ሐምራዊው ብርሃን በራ፤
ከመስኮቱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” ይጣራ።
አንድ፣ ሁለት… መለካት ሙያዬ ነው፤ ሳልሳሳት ቆጠርኩ፤
ሃያ ሰባት ላይ መሞቅ ጀመረኝ።
ሠላሳ ላይ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆምኩ።

ስወርድ፣ ክርና መርፌ ከሚሸጡት ከአንዷ ዘንድ ጎራ አልኩ፤
“የልብስ ጠመኔ” አልኳት። “ነጭ ነው ሰማያዊ?”
ሳቄ መጣ።
“ሰማያዊ። ነጩ ለጊዜው ከራሴም አለ።”

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው።
ሠላሳ አምስት ሰከንድ።