ሦስት አራተኛ

ሦስት ንድፍ ዘረጋሁ በወጥ ቤት ጠረጴዛ፤
አንደኛው ከመጽሔት፣ አምና የተገዛ፣
እግሩ የሴት ጫማ፣ ወገቡ የቀጠነ፣
ለሥዕል እንጂ ለሹራብ ያልሆነ።
ሁለተኛው የአማቼ፣ ከሃሊፋክስ መጣ፣
በኮምፒውተር ተሰልቶ በሚሊሜትር የወጣ፤
ብሎኑ ተቆጥሮ፣ ሙጫው ተመዝኖ፣
የአናጢው ስሕተት እንኳ በቁጥር ተወስኖ።
ሦስተኛው የራሴ፣ በእርሳስ የተጫረ፣
በባሕር ሙላት ሰሌዳ ጀርባ ላይ የኖረ።

ዐርባ ዓመት ጀልባ ሠራሁ ሉነንበርግ ወደብ፣
ውሃ ስንጥቅ ሲፈልግ፣ እኔ ስንጥቅ ስገድብ፤
አሁን በስተርጅና ያስጨነቀኝ ነገር
ባለ ስድስት መሳቢያ ቁም ሣጥን ማዋቀር።

የድሮው አርጅቷል።
ጉም ከባሕር ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣
መሳቢያው ጥርስ ነክሶ ሲጎተት ያምጣል።
የሬታ ጣት ደግሞ፣ ካለፈው ኅዳር፣
ቁርጥማት ገብቶበት አልታጠፍ ሲል ነበር።
አንድ ጧት ደረስኩባት፣ ሹራቧ ተይዞ፣
እጀታውን ስትጎትት፣ ክንዷ ደንዝዞ።
አየችኝና ሳቀች። «ዓሣ ነው» አለችኝ፣
«ትልቅ ዓሣ ይዤ ነው፣ ገመድ አቀብለኝ።»

ከተማ ወረድኩኝ። ዴልፊን፣ የሱቋ ልጅ፣
የመሳቢያ ሐዲድ ደረደረች በደጅ፤
ይኸ የጎን ነው፣ ይኸ የሥር፣ የማይታይ፣
ይኸ ኩሽኔታ አለው፣ ይኸ ጎማ ላይ ላይ፣
«ይኸኛው በራሱ ቀስ ብሎ ይዘጋል፣
ሰው የተኛ እንደሆን ኮቴ አጥፍቶ ይጠጋል።
ስንት ኪሎ ይሸከም?» «ኧረ እኔ ምን ዐውቄ!
መዝኜ አላውቅ ካልሲ» አልኳት ተሳልቄ።

«ግማሽ ኢንች ከግራ፣ ግማሽ ኢንች ከቀኝ
ክፍተት ተውለት» ብላ ስታስጠነቅቀኝ፣
ዐርባ ዓመት ክፍተትን እንደ ሌባ ሳድን
የኖርኩ ሰውዬ ነኝ፤ ይኸን እንዴት ልመን?
ክፍተት መስጠም ነበር በኛ መዝገበ ቃል፤
እዚህ ግን ክፍተት ሲያጣ መሳቢያው ይታነቃል።

አባቴ የሚሠራው የሜፕል ሐዲድ ነው፤
የንብ ሰም ይቀባዋል፣ ያኔ እንደ በረዶ ነው።
ሰሙን እኔ ዐውቃለሁ፣ ወርቁ የሬታ እጅ ነው፤
እጇ አልችልም ካለ፣ ሰሙስ ለማን ሊሆን ነው?

ብረት ይሁን አልኩኝ። ኩራቴን ዋጥኩና
ሁለት ዓይነት ይዤ ገባሁ እንደገና።
አንደኛው ሙሉ ነው፤ ሲጎተት ይወጣል፣
የኋላው ጥግ ሁሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤
ሁለተኛው ግን ሦስት አራተኛ ላይ ቆሞ
ሩቡን ያስቀረዋል ጨለማው ውስጥ አጋድሞ።

«የቱ ይሁን?» አልኳት፣ «ሙሉው አይሻልም?
ጎንበስ ብለሽ ጥጉን ስትዳብሺ አትውዪም።»
ዝም አለች።
መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች።
ሐዲዱን በጣቷ ገፋችው፣ መለሰች።
«አምስቱ የላይኞቹ ሙሉ ይሁኑ» አለች።
«የታችኛው ግን...
የታችኛው፣ ቨርነር፣ ሩቡ ይቅርለት።»

ዐርባ ስድስት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ስንኖር
የዚያን መሳቢያ ጥግ አልነካሁም ነበር።
ደብዳቤ ይሆናል። ምናልባት ገንዘብ ነው።
ምናልባት እኔን ሳታውቅ የተነሣችው ፎቶ ነው።
ወይ ምንም የለበት፤ ባዶ ሩብ ይሆናል፣
የራሷ ስለሆነ ብቻ ይበቃታል።

አልጠየቅኩም።
የአማቼን አጠፍኩት፤ መጽሔቱን መለስኩት፤
በራሴ ንድፍ ላይ ላጲስ አሳለፍኩት፤
የእንጨቱን ሐዲድ ፍቄ፣ በግራም በቀኝም
ግማሽ ኢንች ተውኩኝ፤ እጄ አልታዘዘኝም፣
ግን ተውኩ።
ከታችኛው መሳቢያ ጎን «ሦስት አራተኛ» ጻፍኩ፣
እንዳልረሳው ብዬ ሁለቴ አሰመርኩ።

ነገ ጉም ካልገባ ሜፕሉን እቆርጣለሁ።
ዴልፊን አያሻም ብትል፣ ብረቱንም ቢሆን፣ ትንሽ ሰም እቀባለሁ።