ብሎን

ኪሱ ብሎን ሞልቶ ነበር፣ ካጎቱ ጋራዥ የለቀመው፤
ዝገት የበላው፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ማንም ዞሮ የማያየው።
አሥራ ሦስት ብሎን፣ ባሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜው።
እኔ ሌባ ነው ብዬ ነበር፤
ለካ ከመሬት ጋር እንዲቆይ ነው የተሸከመው።

ያየሁት ሰኔ ሲገባ ነው፤
ጉም ጦሳን ውጦ ሲያበቃ፣ ቁልቁል ወርዶ ደሴን ሲቀምስ።
ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ ዱካው ጭቃ ላይ ተቆረጠ፤
ሁለት ርምጃ፣ ሦስት ርምጃ፣ ከዚያ ባዶ።
ቀና ብል አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ጫማውን በጁ ይዞ።
«አየኸኝ?»
«ኧረ አላየሁም።»
የዋጠውን ግን ሰማሁት፦ ለማንም እንዳትናገር።

የኔ እንዲህ ነው።
ሰው አፉ ላይ አድርሶ መልሶ የዋጠውን ቃል እሰማለሁ።
ቲማቲም የምትመዝነው ሴትዮ «አምሳ ብር» ትላለች፤
ከስሩ፣ «ልጄ ከጅዳ ዛሬስ ትደውል ይሆን» ትላለች።
የሒሳብ መምህሩ ኖራውን ይዞ ሲዞር ወደ ሰሌዳ
ከጀርባው እሰማለሁ፣ የስንት ወር የቤት ኪራይ ዕዳ።
ደስ አይልም።
አንድ ቀን ፀጉር ቤት ውስጥ እንደኛ ስላሉት ወሬ ተነሣ፤
«ማቃጠል ነው!» ብሎ የሳቀው፣ ከሁሉ የገነነው ጎረምሳ
አንድ ስም ዋጠ። የወንድ ስም።
ምላጩ አንገቱ ላይ ቆሞ።
እስካሁን አልነገርኩትም።

የሱ ስም ኑርልኝ ነው።
እናቱ ከሱ ፊት ሦስት ቀብራ፣ ባራተኛው ተማጽና
ስም ብላ ያወጣችው ልመና።
የክፍል አለቃ ነኝና በየጠዋቱ መዝገብ ይዤ እጠራለሁ፤
«ኑርልኝ!»
«አቤት!»
ስልሳ ሁለት ተማሪ ይሰማል፤
ሰሙን ለክፍሉ አከፋፍዬ ወርቁን ከጉንጬ አስቀራለሁ።

እጅ ለእጅ መያያዝ? ኧረ ማን ይጠይቃል ደሴ ላይ!
ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ጣቱን በጣቴ ቆልፌ ስሄድ በጠራራ ፀሐይ
ሊስትሮው ሰላም ይለናል፤
ሼህ አሊዩ ከሱቃቸው ደጃፍ «አላህ ያዝልቅላችሁ» ይሉናል፤
አሚን እንላለን ሁለታችንም፣ እኔ ማተቤን እንዳሰርኩ።
ክብደቱ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል?
በየሳምንቱ አንድ ብሎን ከኪሱ ይወጣል፤
በቦታው የኔ መዳፍ ይገባል።

ግንቦት ላይ፣ ዶሮ መዝለያ፣
ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ ቁልቁል መጣ።
ከፊቱ ሾፌሩ ዘሎ የወረደበት ባጃጅ፣
ባጃጁ ውስጥ ቦርሳዋን ያቀፈች ሕፃን።
መንገዱ ሁሉ ጮኸ። ኑርልኝ ምንም አላለ።
እኔ ግን ሰማሁ፦ ልቀቀኝ።
ያ ሁሉ ሰው ፊት።
ለቀቅሁት።

የተቃጠለ ጎማ ሽታ፣ መስታወት፣ ዝምታ።
ከዚያ የሰዉ አንገት ሁሉ ሽቅብ፦
ከስልክ እንጨቱ በላይ ነው፣ ልጅቷን አቅፎ።
ግማሹ «ሚካኤል ነው!» አለ፤ ግማሹ «ወልይ ነው፣ ወላሂ!»
ወሎ ነውና አልተጣሉም፤ ተካፈሉት።
እልል አሉለት፤ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት፤
አንዲት እናት የጫማውን ጭቃ በነጠላዋ ጠረገች።
መብረሩን ለማመን ደሴ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባት።
ሌላውን ግን
እንኳን ለማመን ለመጠየቅም አፍ የላት።

ማታ ጋራዡ ደጃፍ ተገናኘን። የቀረችውን ብሎን ሰጠኝ።
«አወቁኝ» አለ።
የዋጠው፦ አላወቁኝም።

ሰኞ። ሰልፍ አለቀ። መዝገቡን ገለጥኩ።
ተማሪው ሁሉ አንገቱን አዙሮ የሚበረውን ልጅ ያያል።
«ኑርልኝ!»
አቤት አላለም።
ምንም አልዋጠም።
ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ሁለት እግሩ መሬት ላይ እንዳለ፣
«እኖርልሃለሁ» አለ፣ ጮክ ብሎ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀልድ ነው ለነሱ።
እኔ ብሎኗን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ
ከስሙ ፊት ለፊት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
ጻፍኩ፦
አለ።