ሙጫው ሳይደርቅ

ሁለት ክረምት ሙሉ ብሩሽ አልነካሁም፤
የቀለሙን ዋጋ ሰምቼ፣ ደግሜ አልጠየቅሁም።
ሸራዬን ጠቅልዬ ከቁምሣጥን ጀርባ፣
ጠዋት ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ስገባ፣
የሰው ስም ስጽፍ ውዬ፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን፣
ማታ ግድግዳዬን አያለሁ፣ ባዶውን።

በሦስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ፣
ዝናቡ ቡሬን ሲወቃት ሲያመሽ፣
ጣራዬ አፈሰሰ።
ከቆርቆሮው ሚስማር የወረደ ዝገት
ጀምሬ በተውኳት በአንዲት ሴት ፊት ላይ
መስመር አወረደ፣ ከግንባር እስከ አንገት።
ልጠርገው ተነሣሁ፤
ጨርቄን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ እንጂ።
ስድስት ወር ፈልጌ ያጣሁላትን ሐዘን
ጣራው በአንድ ሌሊት ሰጣት፣
ሳይኖረው ብሩሽ፣ ሳይኖረው እጅ።

ከዚያ ወዲህ ለቃሚ ሆንኩ፤ ዓይኔ መሬት መሬት።
ከማዳበሪያ ኬሻ የተተረተረ ክር፣
ከተቃጠለ ሬዲዮ የመዳብ ሽቦ፣
የዶሮ ላባ፣ ዕጣው የወጣ ሎተሪ፣
መናኸሪያው በር ላይ የተረገጠ ትኬት።
(ቡሬ–ነቀምት ይላል። ማን ሄደ? ለምን?
ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ስልክ ቁጥር አለበት፤
አልደወልኩም።
ከሴትዮዋ መዳፍ ላይ ለጠፍኩት።)

ጎማ ጠጋኙ አንማው
የከመነዳሪ ቁራጭ በፌስታል ያኖርልኛል፤
«ሙጫዬን ግን እንዳትነኪ፣ እሱ እንጀራዬ ነው» ይለኛል።
መሪጌታ ልሳነወርቅ ብራና ሲከረክሙ
የሚጥሉትን ጠርዝ ለመንኳቸው፤ እየሳቁ ሰጡኝ።
«ልጄ፣ ጽሕፈት የሌለው ብራና
ምን ብሎ ይናገራል?» ሲሉ ጠየቁኝ።
መልስ አልነበረኝም።
አንዱን ቁራጭ አንሥቼ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ያዝኩት፤
የፍየሏ ፀጉር የበቀለበት ሁሉ
ነጥብ ነጥብ ብሎ ታየ።
መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ።
በማግስቱ አንድ እፍኝ ሙሉ ላኩልኝ።

ቅኔ በበዛበት አገር መፈጠር ጣጣ አለው፤
ሁሉ ሰው ወርቁን ፈላጊ፣ ሰሙን አቅልጦ ሊጥለው።
ለኔ ግን ሰሙ ይበቃኛል፣
ከማር ነጋዴ በኪሎ የገዛሁት፣
የንብ ክንፍ የቀረበት።
በአሮጌ ድስት አቅልጬ፣ በርበሬ ነስንሼበት፣
ሳማስል ማስነጠስ፣ ሳማስል ማስነጠስ!
የጎረቤት ሴቶች «የምን ወጥ ነው?» ብለው መጡ።
«የፀሐይ መግቢያ ነው» አልኳቸው።
ጌጤነሽ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው፣
ተፋችው፣
«ጨው ያንሰዋል» አለችኝ።

ደስታ ምን እንደሆነ በወጉ አልነግራችሁም።
ብቻ ጣቴ ከጣቴ በሙጫ ሲጣበቅ፣
ራቴ ምድጃ ላይ ሲያር፣ መብራት ሄዶ ሻማዬ ሲያልቅ፣
አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ፣ የዩኒፎርም ኪስ፣
ከዝገቱ ጎን ስትደርስ፣
የድሮ ትውውቅ ያላቸው ይመስል
ቦታ ሲለቁ እርስ በርስ፣
ያኔ ነው።
አፌ ሳይጠይቀኝ ያፏጫል።

ትናንት የአከራዬ ድመት
ገና ያልደረቀው ሰም ላይ ወጣች፤
አራት ዱካ ጥላ፣ በሴትዮዋ ትከሻ በኩል
ወደ ጥጉ ተሻግራ ወረደች።
ልጃቸው ቻላቸው ደንግጦ «አበላሸችው!» አለ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ለካ ትኬት ይዛ የቆመች ሴት፣
ይህን ሁሉ ጊዜ፣
መንገድ አልሠራሁላትም።

አከራዬ ዛሬ መሰላል ተውሰው መጡ፤
ክረምት ሳይደርስ ጣራሽን ልድፈንልሽ ብለው።
አልጋዬ በላይ ያለውን፣ በሩ በላይ ያለውን፣
ሁሉንም አሳየኋቸው።
በዚያች ጥግ በኩል ያለችውን ሚስማር ግን
ተዉልኝ አልኳቸው።